መዶሻ ራስ የየብስ ጠፍጣፋ ትልን ለይቶ ማወቅ፦ ከፍለጋ እስከ ማይክሮስኮፕ

ራሱ እንደ መዶሻ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ጠፍጣፋ ትል ያገኘ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ፎቶ ያነሣና «ቢፓሊየም ነው» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል። የራሱ ቅርጽ የሚያደርሰው ግን እስከ ንዑስ ቤተሰብ ብቻ ነው። ወደ ዝርያው የሚመሩት የጀርባው መስመሮች ናቸው፤ ጂነሱን (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎችን የሚያጠቃልለውን መደብ) የሚያረጋግጠው ደግሞ በውስጡ ያለው የመራቢያ አካል ነው። መስመሩና ቀለሙ ትሉ በሕይወት ሳለ ካልተመዘገበ አልኮል ውስጥ ይደበዝዛል፤ የመራቢያ አካሉም ትሉ ተዘርግቶ ካልሞተ ተጨማድዶ ለጥናት አይሆንም። ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተሉን ካልጠበቀ ያመለጠውን መልሶ ማግኘት አይቻልም፦ መጀመሪያ ማየትና ፎቶ ማንሣት፣ ከዚያ ቁራጭ ለዲኤንኤ ማስቀረት፣ ከዚያ መግደልና ሳያደርቁ በፈሳሽ ማቆየት፣ መጨረሻ ላይ ውስጡን መመርመር።

በምደባው ውስጥ ያለው ቦታ

መዶሻ ራስ ትል የሚመደበው በፕላቲሄልሚንተስ (ጠፍጣፋ ትሎች) ፋይለም ነው፤ የኮሶ ትልና የቢልሃርዝያ ትልም እዚሁ ናቸው። እነዚያ ጥገኛ ሲሆኑ ይህኛው ግን ራሱን ችሎ የሚኖር አዳኝ ነው። ኦርደሩ ትራይክላዲዳ ነው፤ አንጀታቸው ሦስት ዋና ቅርንጫፍ ያለው፣ አንዱ ወደ ፊት ሁለቱ ወደ ኋላ የሚሄድ ትሎች ሁሉ እዚህ ይገባሉ። ከዚያ ንዑስ ኦርደር ኮንቲነንቲኮላ፣ ቤተሰብ ጂዮፕላኒዴ፣ ንዑስ ቤተሰብ ቢፓሊኔ እያለ ይወርዳል።

ቆየት ያሉ መጻሕፍት የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ሊያደናግረው ይችላል። አንደኛው «ቱርቤላሪያ» የሚለው መደብ ነው። ነጻ ኗሪ ጠፍጣፋ ትሎችን ሁሉ በአንድ ጆንያ የሚከት ስለሆነ ትክክለኛ የዘር ሐረግን አያሳይም፤ ዛሬ እንደ ልማድ ስም ብቻ ይነሣል። ሁለተኛው «ቢፓሊዴ» የሚለው የቤተሰብ ስም ነው። በ2009 በወጣው የትራይክላዲዳ ምደባ የየብስ ፕላናሪያዎች (በየብስ የሚኖሩ ነጻ ኗሪ ጠፍጣፋ ትሎች) በሙሉ ጂዮፕላኒዴ ውስጥ ገብተዋል፤ መዶሻ ራሶቹም ከቤተሰብነት ወደ ንዑስ ቤተሰብነት ወርደዋል። መለያ ካርድ ላይ ሲጽፉ አዲሱን ይጠቀሙ።

በቢፓሊኔ ሥር አራት ስሞች ያጋጥማሉ። ቢፓሊየም በ1857 በስቲምፕሰን የተሰየመው አንጋፋው ጂነስ ነው። ኖቪቢፓሊየምና ሁምበርቲየም በኋላ ከእርሱ ተለይተው የወጡ ናቸው። አራተኛው ዳይቨርሲቢፓሊየም እውነተኛ ጂነስ አይደለም፤ የመራቢያ አካላቸው ገና ያልታወቀ ዝርያዎች ለጊዜው የሚቀመጡበት ማቆያ ነው። አንድ ዝርያ በዳይቨርሲቢፓሊየም ስም ተመዝግቦ ካዩ ትርጉሙ «ውስጡ አልታየም» ማለት ነው።

ፍለጋና አያያዝ

እነዚህ ትሎች ውሃ የሚይዝ ቆዳ የላቸውም፤ በቀላሉ ይደርቃሉ። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ በሌሊት ወይም ገና ጎሕ ሲቀድ ይፈልጓቸው። ቀን ላይ ከድንጋይ፣ ከበሰበሰ ግንድ፣ ከአበባ ማሰሮና መሬት ላይ ከተነጠፈ ፕላስቲክ ሥር ይደበቃሉ። ከትውልድ አካባቢያቸው፣ በተለይ ከእስያ ሞቃት አገሮች፣ ወደ ሌላው ዓለም የተሠራጩት ከነአፈሩ በሚጓጓዝ ተክል ነው፤ ቢፓሊየም ኬወንሴ ራሱ በ1878 በሞዝሊ የተገለጸው ለንደን ኪው የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ከተገኘ ናሙና ነው። ስለዚህ የችግኝ ጣቢያና የመስታወት ቤት ጥሩ መፈለጊያ ናቸው።

ይዘው የሚወጡት፦ ጓንት፣ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ፣ ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ሣጥን፣ እርጥብ የወረቀት ፎጣ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ማስመሪያና እርሳስ።

ትሉን በወረንጦ አይያዙት። ሰውነቱ ሲጨመቅ ይበጠሳል፣ ዝልግልጉም ወረንጦው ላይ ይጣበቃል። ብሩሹን ከራሱ ፊት አጋድመው ያስቀምጡ፤ ራሱ ይወጣበታል። አለበለዚያ የተቀመጠበትን ቅጠል እንዳለ ያንሡት። ጓንቱ ለወግ አይደለም፦ በ2014 በወጣ ጥናት ቢፓሊየም አድቬንቲቲየምና ቢፓሊየም ኬወንሴ ቴትሮዶቶክሲን የተባለውን፣ በመርዛማው ፉጉ ዓሣም የሚታወቀውን የነርቭ መርዝ በሰውነታቸው እንደያዙ ታይቷል። በነካው እጅ ዓይን አይሹ፤ ሥራ ሲያበቃ በሳሙና ይታጠቡ።

በአንድ ሣጥን አንድ ትል ብቻ ያስቀምጡ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ አንዳንዶቹ ዝርያዎች ጭራቸውን ቆርጠው ስለሚጥሉ በማግስቱ ሁለት ቁራጭ ቢያገኙ የማን እንደሆነ ማወቅ አለብዎ። ፎጣው ይርጠብ እንጂ ውሃ አይቋጥር፤ ሣጥኑ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። አየር ማስገቢያ ብለው ክዳኑን አይብሱት፤ እነዚህ ትሎች ከስፋታቸው በብዙ በሚያንስ ቀዳዳ ቀጥነው ያልፋሉ። በቀን አንድ ጊዜ ከፍቶ መዝጋት በቂ አየር ይሰጣል።

በሕይወት ሳለ የሚታየው

በመጀመሪያ ሌላ እንስሳ አለመሆኑን ያረጋግጡ። የምድር ትልና አልቅት ሰውነታቸው በቀለበት የተከፋፈለ ነው፣ አልቅት ደግሞ ሁለት ጫፉ ላይ መምጠጫ አለው። ቅርፊት አልባ ቀንድ አውጣ ራሱ ላይ የሚወጡና የሚገቡ ቀንዶች አሉት። ጠፍጣፋ ትል ይህ ሁሉ የለውም፦ ቀለበት የለ፣ መምጠጫ የለ፣ ቀንድ የለ። ራሱ ሾጠጥ ያለ የየብስ ጠፍጣፋ ትል ካገኙም ጠፍጣፋ ትል እንጂ መዶሻ ራስ አይደለም፤ ፕላቲዴመስ ማኖክዋሪ ለምሳሌ የዚያው የጂዮፕላኒዴ ቤተሰብ አባል ሆኖ ንዑስ ቤተሰቡ ሌላ ነው።

እዚህ ጋ ትዕግሥት ያስፈልጋል። መዶሻው የሚታየው ትሉ ተዝናንቶ ሲሄድ ብቻ ነው። ሲደነግጥ፣ ሲደርቅ ወይም ገና ከሣጥን ሲወጣ ራሱን ይሰበስብና ክብ ጉብታ ይመስላል፤ ከጭራ ቁራጭ ገና ያደገ ትልም ራሱን ሙሉ እስኪያበቅል ድረስ መዶሻ የለውም። እርጥብ መስታወት ላይ ያስቀምጡት፣ ብርሃኑን ይቀንሱ፣ ይጠብቁ። ሲረጋጋ ራሱን ከፍ አድርጎ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ይጓዛል። ይህ ውዝዋዜ ሽታ ፍለጋ ነው፦ የራሱ የፊት ጠርዝ ላይ ረድፍ የያዙ ጥቃቅን ጉብታዎችና ጉድጓዶች የኬሚካል ምልክት የሚቀበሉ የስሜት አካላት ናቸው፤ ያደነውን የምድር ትል ዱካ የሚከተለው በእነርሱ ነው።

ሌንሱን ወደ ራሱ ጠርዝ ያቅርቡ። በጠርዙ ዙሪያና በአንገቱ ጎኖች ላይ በመርፌ የተነቆጡ የሚመስሉ ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ፤ ዓይኖች ናቸው። እንደ ወንዝ ፕላናሪያ ሁለት ሳይሆኑ እጅግ ብዙ ናቸው፤ ብርሃንና ጨለማን ይለያሉ እንጂ ምስል አያዩም። ጥቁር ቀለም ባላቸው ዝርያዎች ዓይኖቹን ለማየት መብራቱን ከጎን በኩል ዝቅ አድርጎ ማብራት ይረዳል።

ከዚያ ሆዱን ይዩ። መስታወቱ ላይ ሲሄድ ከሥር በኩል መመልከት ከመገልበጥ በእጅጉ ይሻላል፤ የተገለበጠ ትል ወዲያው ይጠመዘዛል፣ ፎቶውም አይረባም። ከመካከሉ ቁልቁል ነጣ ያለ ጠባብ ሰቅ ታያላችሁ፤ የመዳሂያ ሶሉ ነው። ትሉ በዚህ ሰቅ ላይ ባሉ ሲሊያ በሚባሉ ጥቃቅን ፀጉር መሰል አካላትና በሚያወጣው ዝልግልግ ይንሸራተታል። የሶሉን ስፋት ከሰውነቱ ስፋት ጋር አነጻጽረው በመቶኛ ይመዝግቡ። አፉ ያለው ራሱ ላይ አይደለም፤ ሆዱ መካከል አካባቢ ነው። ከአፉ ወደ ኋላ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ ትል ብቻ፣ ሁለተኛ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ የመራቢያ ቀዳዳው ነው። ይህ ቀዳዳ ካልታየ ትሉ ገና ያልደረሰ ሊሆን ስለሚችል የጂነስ ሥራው ላይ ብዙ ተስፋ አይጣሉ።

ፎቶው ቢያንስ እነዚህን ይያዝ፦ ሙሉ ጀርባ ከማስመሪያ ጋር፣ ራስና አንገት በቅርበት ከላይ፣ ሙሉ ሆድ በመስታወት ሥር፣ የሆዱ ራስ በኩል። ትሉ ያብረቀርቃልና ፍላሽ በቀጥታ ከተተኮሰበት መስመሮቹ በነጭ ነጸብራቅ ይዋጣሉ፤ ብርሃኑን በስስ ነጭ ወረቀት አልፎ እንዲመጣ ያድርጉ። ርዝመቱን ሲለኩ «በጉዞ ላይ» ወይም «ተሰብስቦ» ብለው ይጻፉ፤ ያለዚህ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፣ አንዱ ትል በደቂቃ ውስጥ ርዝመቱን ብዙ ይቀያይራልና።

መስመሩን ማንበብ

በዓለም ላይ በብዛት የተሠራጩትን ለመለየት የሚከተለው ይበቃል።

ቢፓሊየም ኬወንሴ ረጅም ነው፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር ማለፉ አያስገርምም፣ 30ም የሚደርስ አለ። ጀርባው ፈዛዛ ቡናማ ሆኖ አምስት ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉት። ቁልፉ አንገቱ ነው፦ ጥቁር ቀለበት አለው፣ ግን ቀለበቱ አይገጥምም፣ መሐል ላይ ይቋረጣል። ዳይቨርሲቢፓሊየም መልቲሊኒያተምም አምስት መስመር አለው፤ ሁለቱ ሁልጊዜ ይምታታሉ። መስመር መቁጠር አያድንም፤ አንገቱን ይዩ። በመልቲሊኒያተም የአንገት ቀለበት የለም፣ የመካከለኛው መስመርም ራሱ ላይ ይወጣል።

ቢፓሊየም አድቬንቲቲየም አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ብቻ ነው ያለው፣ በቢጫማ ቡናማ ጀርባ መሐል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚረዝም ሲሆን፣ በ1943 በሃይማን የተገለጸው ከአሜሪካ ናሙና ነው። ቢፓሊየም ቫገም አጠር ያለ፣ ራሱ የጠቆረ፣ አንገቱን ሙሉ በሙሉ የሚዞር ወፍራም ጥቁር ቀለበትና ሦስት መስመር ያለው ነው፤ የሚያድነውም የምድር ትል ሳይሆን ቀንድ አውጣ ነው። መስመር የሌለው ጥቁር ትንሽ ትል ካጋጠመ በ2022 ከፈረንሳይና ከጣልያን የተገለጸው ሁምበርቲየም ኮቪደም ሊሆን ይችላል፤ ግን ጥቁርነት ብቻውን ማስረጃ ስላልሆነ እንዲህ ያለውን ያለ ዲኤንኤ አይሰይሙት።

መግደልና ማቆየት

ከሁሉ አስቀድሞ ትሉን ከ5 እስከ 7 ቀን ያስርቡት። አንጀቱ ባዶ ካልሆነ ሁለት ችግር ይከተላል፦ ከታደነው ትል ጋር የገባ የአሸዋ ቅንጣት በኋላ የመቁረጫውን ምላጭ ይሸርፋል፣ የታደነው እንስሳ ዲኤንኤም ከጠፍጣፋው ትል ዲኤንኤ ጋር ይቀላቀላል።

በሚገድሉበት ቀን ከሰውነቱ የጎን ጠርዝ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምታህል ቁራጭ በንጹሕ ምላጭ ይውሰዱና 95 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ይክተቱ። ቁራጩን ከራስም ከመራቢያ ቀዳዳ አካባቢም አይውሰዱ፤ እነዚያን በኋላ ይፈልጓቸዋል።

ቀሪውን እንዲህ ይግደሉ። ትሉን በጠፍጣፋ ሰሃን ላይ በጣም ጥቂት ውሃ ይዘው ያስቀምጡ። ቀጥ ብሎ ሲጓዝ ሊፈላ የተቃረበ ውሃ በአንዴ፣ ከራስ እስከ ጭራ ያፍሱበት። በቅጽበት ተዘርግቶ ይሞታል። ውሃው ለብ ያለ ከሆነ ወይም በጥቂት በጥቂቱ ከተጨመረ ይኮማተራል፤ በቀጥታ አልኮል ውስጥ የተጣለ ትልም ተጠምዝዞ እንደ ቋጠሮ ይጠነክራል፣ ዝልግልጉም ነጭ ሽፋን ሆኖ ላዩ ላይ ይረጋል። በናሙና ማከማቻዎች ውስጥ ያሉ ብዙ ጥቅም አልባ ናሙናዎች የተበላሹት በዚህች አንዲት ደቂቃ ነው።

ወዲያው ውሃውን ይድፉና ለውስጥ አካል ምርመራ ከሆነ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ለ24 ሰዓት ያቆዩት። ይህ ማለት አንድ እጅ ከመደብር የሚገኘው ወፍራም ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። ፎርማሊን የሚያቃጥልና ካንሰር አምጪ ስለሆነ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ በጓንት ይሥሩ። ከዚያ በውሃ አለቅልቀው ወደ 70 በመቶ ኢታኖል ያዛውሩት። 70 በመቶውን ከ95 በመቶ ለማዘጋጀት 74 ሚሊ ሊትር ኢታኖል ወስደው በውሃ 100 ሚሊ ሊትር ይሙሉ። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ ነው ቁራጩን ቀድመን ያስቀረነው። ፎርማሊን ከሌለ ከሙቅ ውሃው በቀጥታ 95 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ሕብረ ሕዋሱ ትንሽ ይኮማተራል እንጂ ለብዙ ሥራ ይሆናል። የፈሳሹ መጠን ከትሉ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን፣ በማግስቱም ይቀየር፤ የትሉ ውሃ ኢታኖሉን ያቀጥነዋል።

መለያው በእርሳስ በጠንካራ ወረቀት ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል፣ ከውጭ የተለጠፈም ይላጣል። ቀን፣ ቦታ፣ ከምን ሥር እንደተገኘ፣ የፎቶው ቁጥርና የዲኤንኤ ቁራጩ ቁጥር ይኑሩበት።

ውስጡ

ይህ ትል የሰውነት ክፍተት የለውም፤ በቆዳና በአንጀት መካከል ያለው ቦታ በሕብረ ሕዋስ የተሞላ ነው። ልብ፣ የደም ሥርና ሳምባ የሉትም፤ ኦክስጅን በቆዳው ይገባል፣ ጠፍጣፋ የመሆኑም ጥቅም ይኸው ነው። ፊንጢጣም ስለሌለው ያልተፈጨው ምግብ በገባበት አፍ ይወጣል። ምግቡን የሚበላው ፋሪንክሱን (ጉሮሮውን) በአፉ በኩል ወደ ውጭ ዘርግቶ፣ ያደነው እንስሳ ላይ አስፍሮ፣ በኢንዛይም እያሟሟ በመምጠጥ ነው። ሲሞት ይህ ነጭ መጋረጃ መሰል አካል ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል፤ ቁስል ወይም ጥገኛ ትል መስሎት የሚቆርጠው አለ፣ አይንኩት።

ናሙናውን በሦስት ይክፈሉት። የመጀመሪያው ራስና አንገት ነው፤ እንቁላል አመንጪዎቹ ሁለቱ ጥንድ ሆነው እዚህ ፊት ለፊት ይገኛሉ። ሁለተኛው ከፋሪንክሱ ቀድሞ ያለ አጭር ቁራጭ ነው፤ ይህን አግድም ይቁረጡት፣ የጡንቻ ንብርብሮቹን፣ የነርቭ ገመዱንና በቆዳው ውስጥ ያሉ ራብዳይት የሚባሉ ቀጫጭን ዘንጎችን ያሳያል። ሦስተኛው ፋሪንክሱንና የመራቢያ አካሉን የያዘው ነው፤ ይህኛው ከጎን ወደ ጎን ሳይሆን በቁመት፣ ከጀርባ ወደ ሆድ በሚወርድ ገጽ ይቆረጣል።

ቁራጮቹን በ80፣ በ95 እና በ100 በመቶ ኢታኖል ውሃቸውን አስወጥተው፣ ዛይሊን በተባለ ፈሳሽ አጥርተው፣ ከ56 እስከ 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚቀልጥ ፓራፊን (ሰም) ይክተቷቸው። ከ6 እስከ 8 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ያላቸው ተከታታይ ቅርፊቶች ይቁረጡ፣ በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ያቅልሙ። ከሦስተኛው ክፍል አንድም ቅርፊት አይጣል፣ ቅደም ተከተሉም አይዛባ። አንድ ቱቦ ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ የሚታወቀው ከቅርፊት ቅርፊት በመከተል ነው፤ ናሙናው ተጠማዝዞ ከተከተተ ቱቦው የተቋረጠ መስሎ ይታይና ሐሰተኛ ንድፍ ይወጣል።

የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው። የወንዴው ብልት ጉብታ በደንብ የጎለበተ ነው ወይስ የሳሳ? የእንቁላልና የአስኳል ቱቦዎቹ ወደ ሴቴው ክፍል የሚገቡት ከኋላ ነው ወይስ ከፊት? ጉብታው ጎልቶ ቱቦዎቹ ከኋላ ከገቡ ቢፓሊየም፣ ከፊት ከገቡ ሁምበርቲየም፣ ጉብታው ከሳሳ ወይም ከሌለ ደግሞ ኖቪቢፓሊየም ነው። ትሉ ሁለቱንም ፆታ በአንድ ሰውነት ስለሚይዝ ሁለቱም አካላት በአንድ ናሙና ይገኛሉ። ችግሩ ቢፓሊየም ኬወንሴ ከትውልድ አካባቢው ውጭ በአብዛኛው የሚራባው ጭራውን በመቁረጥ ስለሆነ የደረሰ የመራቢያ አካል ያለው ናሙና ማግኘት ከባድ መሆኑ ነው። ባዶ ቅርፊት ብቻ ካገኙ የቆራጩ ጥፋት ላይሆን ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ያስቀመጡት ቁራጭ ሥራውን ይረከባል። በትሎቹ ላይ በብዛት የሚነበበው ሲኦአይ የተባለው የሚቶኮንድሪያ ጂን ነው፤ ውጤቱ ጂንባንክ በተባለው የዲኤንኤ መረጃ ቋት ካሉት ጋር ይነጻጸራል። ውጤቱ የምድር ትል ወይም የቀንድ አውጣ ሆኖ ከመጣ ላቦራቶሪው አልተሳሳተም፤ የትሉን ምሳ ነው ያነበበው። እንደገና አስርበው በሌላ ናሙና ይድገሙት። ጂንባንክ ላይ የተገኘውን ስምም ከፎቶዎ ጋር ሳያስተያዩ አይቀበሉት፤ በስህተት የተሰየመ ናሙና እዚያም አለ።

ሥራው ሲያበቃ

የተረፈውን በሕይወት ያለ ትል ወደ አፈር አይመልሱት፣ በአካፋም አይቆራርጡት፤ ከቁራጩ አዲስ ትል ሊበቅል ይችላል። በታሸገ ከረጢት ለሁለት ቀን በፍሪዘር ማቆየት፣ ወይም በጨው፣ በኮምጣጤ አለያም በፈላ ውሃ መግደል ይበቃል። ጨውን ግን ሣጥን ውስጥ እንጂ ተክል ያለበት መሬት ላይ አይነስንሱ። ትሉ የቆየበትን ፎጣ በፈላ ውሃ ነክረው ይጣሉ፣ የሣጥኑን ክዳን ጠርዝም በጣት ዳስሰው ይፈትሹ፤ የተቆረጠ የጭራ ጫፍ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው። ክብ፣ ቀይ ወይም ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ እንክብል ካገኙ የእንቁላል ከረጢት ነውና ከትሉ ጋር አብሮ ይወገድ፤ ወይም ለጥናት ከተፈለገ በ95 በመቶ ኢታኖል፣ በራሱ መለያ፣ ለብቻው ይቀመጥ።